ከሙዳይ የወጣው ናስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ ሳንቲሞች ከጻፍኩ ወዲህ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ሳንቲም አይደሉም። ሳንቲም ስለሚመስል ነገር ናቸው፤ መንግሥት ያልቀረጸው፣ የንጉሥ መልክ የሌለበት፣ አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ትልቅ መደብር በራሱ ስም ስላሠራው ክብ ብረት። ለዚህ ነገር በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ከሆቴል ቤት የምናውቀው «ማርካ» ይመስለኛል። አስተናጋጁ ከሒሳብ ተቀባይዋ ይገዛትና ለቡና ማሽኑ ሠራተኛ ይሰጣታል፤ ከዚያ ቤት በር ከወጣች ዋጋ የላትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ሁሉንም ማርካ እያልኩ እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ ካረፉ በኋላ ከሙዳያቸው ወርቅ የሚመስል ክብ ነገር አገኘን። በአንድ ፊቱ ክንፍ ያለው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ተቀምጧል። በሌላው ፊት በፈረንጅ ፊደል «ቦን ፑር 1 ፍራንክ» የሚልና 1923 የሚል ቁጥር አለ። ጎረቤቶቻችን ወርቅ ነው ይሉናል። እውነት ነው? (ከፍራንኮ ሰፈር፣ አዳማ)

መልስ፦ ስለ ፍራንክ የተጠየቅኩት ከፍራንኮ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ወርቅ ግን አይደለም፤ የመዳብና የአሉሚኒየም ቅልቅል ነው። ጎረቤቶችዎን ማሳመን ከፈለጉ ወርቅ ቤት ወስደው ያስመዝኑት። 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ነገር 4 ግራም ይመዝናል። በዚያው ስፋትና ውፍረት ወርቅ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ከእጥፍ በላይ በወጣ ነበር።

ተቀምጦ የሚታየው ሰው ሜርኩሪ ነው፤ ሮማውያን የነጋዴዎች ጠባቂ የሚሉት አምላክ። ጽሑፉም «ለአንድ ፍራንክ የሚያገለግል» ማለት ነው። «አንድ ፍራንክ» ብቻ አለማለቱን ልብ ይበሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በሳንቲሙ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ዋጋ ከሳንቲሙ ዋጋ ስለበለጠ ሕዝቡ የብር ሳንቲሞቹን ደበቃቸው፤ ገበያው ዝርዝር አጣ። ያን ጊዜ የንግድ ምክር ቤቶች ዋስ ሆነው ይህን ማርካ አወጡ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ ሚሊዮን ስለተመታ ዛሬም ርካሽ ነው፤ ሀብታም አያደርግዎትም።

ወደ ሙዳዩ እንዴት ገባ? ይህን የሚያውቁት አያትዎ ነበሩ። መንገዱ ግን ሩቅ አይደለም። የጅቡቲ የንግድ ምክር ቤትም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ማርካ አስመትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ባቡር ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሰውንም ጨርቁንም ፍራንኩንም፣ ይዞ በአዳማ ያልፍ ነበር። እኛ ራሳችን ማንኛውንም ገንዘብ «ፍራንክ» ማለት የለመድነው እንዲያው አልነበረም። አሁን አንድ ነገር ያድርጉ። በቁራጭ ወረቀት ላይ የአያትዎን ስም፣ ሙዳዩ የነበረበትን ቤትና የተገኘበትን ቀን ጽፈው ከማርካው ጋር ያስቀምጡት። ያለዚያ ወረቀት ከሚሊዮኖቹ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ የጥንት ትልልቅ መደብሮች ለደንበኞቻቸው ቁጥር ያለው ብረት ይሰጡ እንደነበር አነበብኩ። ነገር ግን በብረቱ ላይ የገንዘብ መጠን የለም። ታዲያ ለምን ይጠቅማል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህ ከሰፈር ሱቅ ዘይትና ስኳር በዱቤ ስትወስድ ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ደብተር አውጥቶ ይጽፍ የለ? ብረቱ የዚያ ደብተር ቁልፍ ነበር።

የሰፈሩ ባለሱቅ ሁሉንም ደንበኛ በመልክ ያውቃል። መደብሩ አምስትና ስድስት ፎቅ ሲሆን፣ ሻጩም በየወሩ ሲቀየር መልክ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ መደብሮቹ ለታመኑ ደንበኞች የመደብሩ ስም ወይም ምልክት ያለበት፣ ቁጥር የተመታበት ማርካ ይሰጡ ነበር። ክብ፣ ሞላላ፣ ጋሻ የሚመስልም አለ። ብዙውን ጊዜ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ አለው። ደንበኛዋ ጨርቁን መርጣ ማርካዋን ታሳያለች፤ ሻጩ ለምሳሌ 4128 ብሎ ይጽፋል፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ቤቷ ይደርሳል። ስሟ የተጻፈው በመደብሩ መዝገብ ላይ እንጂ በብረቱ ላይ አይደለም። ጉዱም እዚህ ላይ ነው፤ ማርካዋን ያገኘ ሌላ ሰው በእሷ ሒሳብ ኮት ገዝቶ ሊሄድ ይችል ነበር። ኋላ ስምና አድራሻ የተቀረጸባቸው ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች የተተኩት በዚህ ምክንያት ነው። የባንክ ካርድህን ብታየው ያችኑ ትመስላለች።

ከእነዚህ መደብሮች የምወደው የፊላደልፊያውን የጆን ዋናሜከርን ነው፤ የባቡር ኩባንያ የተወውን አሮጌ የዕቃ ማራገፊያ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1876 መደብር አድርጎ ከፈተው። የእኛን አሮጌ የባቡር ጣቢያ ባየሁ ቁጥር ይህ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1858 ኒው ዮርክ ላይ ሱቁን የከፈተው ሜሲ በጥሬ ገንዘብ ብቻ እሸጣለሁ ያለ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሽያጩ 11 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ከሜሲ የመጀመሪያ ዓመታት የተገኘ የዱቤ ማርካ አለኝ የሚል ሻጭ ከገጠመህ ሻይህን ጠጥተህ ተነሣ።

ጥያቄ፦ አባቴ የነበራቸው የናስ ማርካ ላይ 217 የሚል ቁጥርና ከላይ ቀዳዳ ብቻ አለ። የመደብር የዱቤ ማርካ ይሆን? (ከወንጂ)

መልስ፦ አይመስለኝም። መደብር ስሙን ሳይጽፍ ማርካ አይሰጥም፤ ስሙ ማስታወቂያው ነው። ቁጥርና ቀዳዳ ብቻ ያለው ናስ አብዛኛውን ጊዜ የወርክሾፕ ነው። ሠራተኛው ከመሣሪያ ክፍሉ መፍቻ ሲወስድ ማርካውን በሚስማሩ ላይ ይሰቅላል፤ ሲመልስ ይወስደዋል። አባትዎ ምን ይሠሩ እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ወርክሾፕ ሠርተው ከሆነ 217 እሳቸው ናቸው፤ እኔ ብሆን ለማንም አልሸጠውም ነበር።

ጥያቄ፦ ነጋዴ በራሱ ስም ገንዘብ ሲያስመታ መንግሥት እንዴት ዝም ይላል? ሕዝቡስ አልተጭበረበረም? (የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ)

መልስ፦ ሱቅ ሄደው «መልስ የለም» ተብለው ከረሜላ ወይም ማስቲካ አልተሰጠዎትም? መንግሥት ዝም ብሏል። ዝርዝር ሲጠፋ ንግዱ የራሱን ዝርዝር ይፈጥራል። የእኛ አባቶች አሞሌና ጥይት ለዝርዝር ተጠቅመዋል፤ አፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በስማቸው ሳንቲም ፓሪስ ላይ ካስመቱ በኋላም አሞሌው ወዲያው ከገበያ አልወጣም።

ጥሩው ምሳሌ ግን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ተጀመረ፤ በማግስቱ ዓመት ሳንቲም የሚባል ከገበያ ጠፋ። ሕዝቡ መጀመሪያ በፖስታ ቴምብር መገበያየት ጀመረ። ቴምብር ጀርባው ሙጫ ነው፤ በላብ እጅ ሲነካ ይጣበቃል፤ ኪስ ውስጥ እርስ በርሱ ይያያዛል። ጎልት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1862 መላ አመጣ። ቴምብሩን በትንሽ የናስ ክፈፍ ውስጥ አስገባና ፊቱን እንደ መስታወት በሚያሳልፍ፣ ሚካ በተባለ ስስ ማዕድን ሸፈነው። የናሱን ጀርባ ደግሞ ለነጋዴዎች ማስታወቂያ አከራየው። ካከራዩት መካከል የኒው ዮርኩ ትልቅ መደብር ሎርድና ቴይለር አለ። ፊት ለፊቱ የመንግሥት ቴምብር፣ ጀርባው የመደብር ስም፤ ከሁሉም የማርካ ዓይነት ይኸኛውን አንድ ቀን በእጄ ይዤ ባየው ደስ ይለኛል።

ሌሎች ነጋዴዎች አንድ ሳንቲም የሚያህል የመዳብ ማርካ በራሳቸው ስም አስመቱ። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎ፣ የተጭበረበረም አለ። ሊንደንሙለር የሚባል የኒው ዮርክ ባለ መጠጥ ቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማርካ ማስመታቱ ይነገራል። የፈረስ ባቡር ኩባንያ ከተሳፋሪዎች የሰበሰበውን የእሱን ማርካ ይዞ «በገንዘብ ለውጥልን» ቢለው አሻፈረኝ አለ። ኩባንያው ሊያስገድደው የሚችልበት ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1864 ኮንግረሱ የግል ሳንቲም ማስመታትን በሕግ ከለከለ። የሚያስቀኝ ግን በዚያው ዓመት መንግሥት የራሱን ወፍራም ሳንቲም ትቶ ልክ እንደ ነጋዴዎቹ ስስ የነሐስ ሳንቲም መምታት መጀመሩ ነው። ከከለከላቸው ሰዎች ተማረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የጠቆረ ማርካ በምን ላጽዳ? ሎሚና አመድ ይሆናል ብለውኛል። (ከቦኩ ሸነን)

መልስ፦ አይሆንም። ይህን የምልዎት ስላደረግኩት ነው። ከዓመታት በፊት በእጄ የገባ አንድ ሞላላ የናስ ማርካ ነበረኝ፤ ቡናማ፣ በፊደሎቹ ሥር ጠቆር ያለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። እንደ አዲስ የመስኮት እጀታ አበራ። ከዚያ በብርሃን ሳየው የመጨረሻው ቁጥር 3 ይሁን 8 መለየት አቃተኝ፤ ዛሬም አልለየሁትም። ቁጥሩን ሲያስነብብ የነበረው በጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ኖሯል።

አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ ነክረው ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት፤ በጠርዙ ይያዙት። ለስላሳና ሽታ ባለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አያስቀምጡት፤ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣበታል። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ይበቃል።

ጥያቄ፦ 1780 የሚል ጠገራ ብር ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። (ነጋዴ፣ አዳማ)

መልስ፦ ይህ ከማርካ ርእሳችን ይወጣል፤ ግን በየሳምንቱ ስለምጠየቅ በአጭሩ ልመልስ። 1780 በጠገራ ብር ላይ መልካቸው ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው የአያትዎ እኩያ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የተነሣ ጽሑፍ አለ። የድሮ ነጋዴዎቻችን ደግሞ በንግሥቲቱ መልክ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው ያልሞላውን አንቀበልም ይሉ ነበር። የብሩን ዋጋ ይክፈሉ፤ የ240 ዓመቱን አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ የድሮ ሳንቲሞችና ማርካዎች ሰብስቤ ውጭ አገር ላለ ገዥ በፖስታ ብልክ ችግር አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። በእጅዎ ያለው ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ እኔም እርስዎም ገዥውም አይደለንም። አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ድሮ በባቡር ጣቢያው አካባቢ በነበረ ሆቴል ሒሳብ ተቀባይ ነበር። ሆቴሉ ከተዘጋ ቆይቷል። ቤታችን ግን በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የአስተናጋጆች ማርካ አለ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ። እናቴ ልትጥለው ነው። የአሜሪካውያኑን ያህል ባይሆንም ዋጋ አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እናትሽን በእግዚአብሔር ስም አስቁሚያት! የዋናሜከርን ማርካ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ገዝቶ ያገኘዋል። በአዳማ ጣቢያ አጠገብ የነበረ ሆቴል ማርካ ግን ያለው ከእናንተ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

አባትሽ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጪውና ጠይቂያቸው። ቀዩ የሻይ ነበር ወይስ የማኪያቶ? በስንት ሳንቲም ይሸጥ ነበር? አስተናጋጅ ማርካ ሲጠፋበት ከደሞዙ ይቆረጥ ነበር? ማታ ሲዘጋ ማን ይቆጥር ነበር? አንዳንዶቹ ላይ በምስማር የተጫረ ምልክት ካገኘሽ የአስተናጋጁ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለብቻ አስቀምጪው። የሚሉሽን እንዳሉት ጻፊው፤ አታስተካክዪው።

እኔ ጋ ከየት ቤት እንደመጣች የማላውቃት አንዲት አረንጓዴ ማርካ አለች፤ ጠርዟ ትንሽ የተሸረፈ፣ መሐሏ ላይ 2 የሚል ቁጥር ያለባት። ከአባትሽ ቆርቆሮ እህቷ ከወጣች ንገሪኝ። ትርፍ ቀይ ካላችሁም ለመለዋወጥ ዝግጁ ነኝ።