የመጀመሪያ ካሜራ ለምትገዙ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «የመጀመሪያ ዲኤስኤልአር ካሜራችሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ዲኤስኤልአር ማለት ሌንሱ የሚቀያየር፣ ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ስለ ራሴ በአጭሩ፦ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ጥምቀት ሳነሳ 12 ዓመት ሆኖኛል። የጀመርኩት በሰው እጅ ባገለገለ ካኖን 600ዲ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። ገንዘባችሁን ምን ላይ ብታውሉት እንደሚሻል ግን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ሀዋሳ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካኖን ልግዛ ወይስ ኒኮን? ጓደኞቼ ሁሌ በዚህ ይከራከራሉ።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ክርክሩን ተወው። በጀማሪ ደረጃ የአንዱን ፎቶ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ አጠገብህ ካሜራ ያለው ማነው? የያዘው ካኖን ከሆነ ካኖን ግዛ፤ ኒኮን ከሆነ ኒኮን። ሌንስ ትዋዋሳላችሁ። ባትሪ ሲያልቅብህ ያበድርሃል። ሜኑው ግራ ሲያጋባህ ያሳይሃል። የካኖን ሌንስ ኒኮን ላይ አይገጥምም፤ ስለዚህ ዛሬ የምትመርጠው ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ወደፊት የምትገዛቸውን ሌንሶችም ነው።

ስም ጥራልኝ ካልከኝ፣ ከካኖን 700ዲ ወይም 200ዲ፣ ከኒኮን ዲ3500 ወይም ዲ5600። ዲ3500 በፈረንጆች 2018 የወጣ ነው። ቀላል ነው፤ በአንድ ቻርጅ ከሺህ ፎቶ በላይ ያነሳል። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኒኮን ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሁለቱም ቦዲያቸው (ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ) ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። የኒኮን ሌንስ ስትገዛ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ (ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ አለ ማለት ነው) የሚል ካልተጻፈበት ፎከስ የምታደርገው በእጅህ አዙረህ ነው። ርካሽ አገኘን ብለው የድሮውን 50 ሚሊሜትር (ይህ ቁጥር በበዛ ቁጥር ሌንሱ ያቀርባል) ኤኤፍ-ዲ ገዝተው «ሌንሱ ተበላሸ» ያሉኝ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሌንሱ ደህና ነበር።

ጥያቄ፦ 18 ሜጋፒክስል ይበቃል? 24 ካልሆነ አትግዢ ተብያለሁ።

መልስ፦ ይበቃሻል እህቴ። ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው በስንት ሚሊዮን ነጥብ እንደተሠራ ነው። 18 ሜጋፒክስል ኤ3 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል። የተረፈሽን ብር ለሌንስ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ካኖን 1300ዲ ከነሌንሱ ገዛሁ። ማታ ቤት ውስጥ ሳነሳ ግን ስልኬ ይበልጠዋል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለልክም፤ ግን ማንም ያልነገረህ ነገር አለ። ስልኩ አንድ ፎቶ ስትነካ ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ አንድ ላይ ቀላቅሎና አሳምሮ ነው የሚሰጥህ። ካሜራው ግን ያየውን ነው የሚሰጥህ። አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ኪት ሌንስ ደግሞ ወደ 55 ስታስጠጋው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ካሜራው ጨለማውን ለማካካስ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅለዋል፤ ፎቶው ይሻክራል። ወይም ሻተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ) ያዘገየዋል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይደበዝዛል።

መፍትሔው ሌላ ካሜራ አይደለም። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ነው። ከ5.6 ጋር ስታነጻጽረው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም አለ። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው፤ ከካኖን ሌንሶች በርካሽነቱ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ልደት ላይ በሻማ ብርሃን ብቻ ፊት ያነሳል። አንድ ጉድለት አለው። በእናንተ ዓይነት ካሜራ ላይ ያቀርባል፤ የ80 ሚሊሜትር ያህል ያያል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሰባት ሰው ላንሳ ብትል ግድግዳው ያግድሃል። ለፊት ፎቶ ግን ወደር የለውም። የኒኮን ሰዎች 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ ያለውን ፈልጉ፤ እሱ ለቤት ውስጥም ይመቻል።

ለዚህ ነው ለሁሉም የምለው፤ ያላችሁን ብር በሙሉ ቦዲ ላይ አትጨርሱ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ቦዲ ያዙና በቀረው ይህን ሌንስ ጨምሩ። ቦዲውን ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ትቀይሩታላችሁ፤ ሌንሱ ግን አብሯችሁ ይቆያል። የኔ 50 ሚሊሜትር ሦስት ቦዲ አሳልፏል።

ጥያቄ፦ አክስቴ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ትመጣለች። «ሬብል ቲ7 ላምጣልህ» አለችኝ። እዚህ ደግሞ ሁሉም 2000ዲ ነው የሚለው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ካሜራ ናቸው። ካኖን ያንኑ ካሜራ በየአገሩ በተለያየ ስም ይሸጠዋል። አሜሪካ ሬብል ቲ7 የተባለው አውሮፓ 2000ዲ፣ እስያ 1500ዲ፣ ጃፓን ደግሞ ኪስ ኤክስ90 ነው። እንዲሁ 700ዲ አሜሪካ ውስጥ ቲ5አይ ነው፤ 200ዲ ኤስኤል2 ነው፤ 250ዲ ደግሞ ኤስኤል3። ሱቅ ሄዳችሁ «ይሄ የአሜሪካ ነው፣ ይለያል» ተብላችሁ እንዳትጨምሩ።

እኔን ከጠየቅክ ግን አክስትህን ቲ7ቱን ትታ ኤስኤል2 እንድትፈልግ ንገራት፤ ያገለገለም ቢሆን። ስክሪኑ ይገለበጣል፣ በጣት ይነካል፣ ማይክ ይሰካበታል። ቲ7 ይሄ ሁሉ የለውም። ቻርጀሩ አያሳስብህ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ፤ ትራንስፎርመር እንዳትገዛ። እጅህ ሲገባ ሜኑ ውስጥ ቪዲዮውን ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው) ወደ ፓል (50 ኸርዝ ላለበት አገር የሚሆነው) ቀይረው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካልቀየርከው በአንዳንድ አምፖል ሥር ቪዲዮው ይርገበገባል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ካርቶኑን እዚያው ከፍታ፣ ባትሪ አስገብታ ጥቂት ፎቶ ታንሳበት። ችግር ካለው መመለስ የሚቻለው ከመሳፈሯ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። ልጄ በዚህ ዓመት ትመረቃለች፤ ካሜራ ልሰጣት ነው። ሱቁ ቦርሳ፣ ትራይፖድ፣ ሦስት ፊልተርና ሌንስ ላይ የሚጠመዘዙ ሁለት ትንንሽ ሌንሶች ጨምሮ አንድ ላይ ይሸጥልኛል። ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ አልገዛውም። እነዚያ የሚጠመዘዙት ሌንሶች ፎቶውን ዳር ዳሩን ያደበዝዙታል፤ ልጅዎ አንዴ ሞክራ ታስቀምጣቸዋለች። ቀጭኑ ትራይፖድም ከነሌንሱ ያለውን ካሜራ አጽንቶ አይዝም። ካሜራውን ብቻ ይግዙላት። በቀረው ደህና ሜሞሪ ካርድ፣ አንድ ትርፍ ባትሪና ከላይ ያልኩትን 50 ሚሊሜትር ይጨምሩላት። ካርዱን ከሚታመን ሰው ይግዙ፤ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ አስመስሎ የተሠራ ካርድ አለ። እንዲህ ያለው ሲሞላ ፎቶውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልይ? ደላላው «አዲስ ማለት ነው» ይላል።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ 20 ሰው ልኮታል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሁለተኛ ሌንሴን የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ማታ፣ በችኮላ። ቤት ገብቼ በባትሪ ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቶበታል። ሻጋታ ነው። ባለሱቁ «አንተ ጋ ነው የተበላሸው» ብሎ አልመልስም አለኝ። ያን ቀን ካሜራ መግዛት በቀን፣ በእርጋታ እንደሆነ ገባኝ።

ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ያዙ። የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ሌንሱን ከኋላ ወደ ፊት ተመልከቱ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም፤ ክር ክር የሚል ነገር ካያችሁ ግን ተዉት። ከዚያ ካሜራውን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። አብዛኛው ይጸዳል፤ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳችኋል። የማይጸዳው ጭረት ነው።

ኪት ሌንሱን 18፣ 35 እና 55 ላይ እያደረጋችሁ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 8 አድርጋችሁ አንሱ። ብዙ ያገለገለ ሌንስ ውስጡ ያለችው ቀጭን የኤሌክትሪክ ሪባን ትሰነጠቃለች፤ ዙም ሲደረግ አንዱ ቦታ ላይ ካኖን ከሆነ «ኧረር 01» ይላል። ሻጩ ሌንሱን 18 ላይ አድርጎ ብቻ ካሳያችሁ ይሄን አታዩትም። ፎከሱን ቅርብ ከዚያ ሩቅ ሞክሩ። የራሱን ፍላሽ አስነሱት። ሁሉንም ቁልፍ ተጫኑ። የካርዱ ማስገቢያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መርፌዎች ቀጥ ማለታቸውን እዩ።

የሻተር ቁጥርም ጠይቁ፤ ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ ማለት ነው። የጀማሪ ካሜራ ሻተር ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ፎቶ ታስቦ ነው የሚሠራው። ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ያነሳችሁት ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካኖን ላይ ግን ኮምፒውተር ጋር አያይዞ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም። 60,000 ያነሳ ግን በንጽሕና የተያዘ ካሜራ፣ 10,000 አንስቶ ከወደቀው ይሻላል። በመጨረሻ ካርቶኑን ወይም ደረሰኙን ጠይቁ፤ የተሰረቀ ካሜራ የሰው እንጀራ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤስኤልአር ቀርቷል፣ ሚረርለስ ግዛ ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኩባንያዎቹ ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) መዞራቸው እውነት ነው። ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር ካወጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ብር ከበቃህ ሚረርለስ ግዛ፤ ፎከሱ ይበልጣል። ግን ለመማር በትንሽ ብር ብዙ የሚሰጥህ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ነው፤ ብዙ ሰው እየሸጠው ስለሆነ ዋጋው ወርዷል። የገዛሃቸው የካኖን ኢኤፍ ሌንሶችም በኋላ በአዳፕተር (ሌንሱንና ካሜራውን በሚያገናኝ ቀለበት) የካኖን ሚረርለስ ላይ ይገጥማሉ፤ ፎከሳቸውም ይሠራል።

ጥያቄ፦ 2000ዲ አለኝ። የጓደኛዬን የቻይና ፍላሽ ስሰካበት አይበራም። የሱ 700ዲ ላይ ይሠራል። ካሜራዬ ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ እየው፤ መሐሉ ላይ ክብ የብረት ነጥብ የለም። ካኖን ከ2000ዲ፣ ከ4000ዲ እና ከ250ዲ ላይ አውጥቶታል። ብዙዎቹ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከሩቅ የሚያስበሩ ዕቃዎች) የሚበሩት በዚያች ነጥብ ነው። ለካኖን ተብሎ የተሠራና ከካሜራው ጋር በሌሎቹ ነጥቦች የሚነጋገር ፍላሽ ሊሠራልህ ይችላል፤ ካሜራህ ላይ ሰክተህ ሳትሞክር አትግዛ። ሠርግ ለማንሳት የምታስቡ ሁሉ ይሄን አሁን እወቁ። በዚህ ምክንያት ብቻ ከ2000ዲ ይልቅ የቆየውን 700ዲ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ጥምቀት ላይ አነሳሁ። ነጠላ የለበሱት ሰዎች ፊታቸው ጠቆረ፤ ነጩም ነጭ አልሆነ፣ አመድ መሰለ። የተሻለ ካሜራ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግሽም። ይህ የኛ አገር ፎቶ ዋና ችግር ነው፤ ማንም ጀማሪ ያልፍበታል። ካሜራው የብርሃን መለኪያው ዓለም ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ፊቱ ላይ ሁለት ሺህ ሰው ነጭ ለብሶ ሲቆም «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጠቁረዋል። አንቺ ነሽ የምታርሚው። ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘሽ ወደ ፕላስ 1 ውሰጂው። እዪውና አንድ ሦስተኛ ጨምሪ ወይም ቀንሺ። ነጠላው ላይ ጥለቱና ሽመናው እስከታየ ድረስ ነጩ አልተቃጠለም። ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ፊት ላይ የሚወድቀው ጥላ ግን በቁልፍ አይታረምም። ታቦቱ ያደረበት ቦታ ማለዳ ድረሺ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ካሜራ በእርጥበት ይበላሻል?

መልስ፦ ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥበት ነው። በክረምት ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ወር አታቆዩት። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ፣ በትንሽ ከረጢት ያለ ፍሬ) ጋር አስቀምጡ። በበጋ ደግሞ አቧራ ባለበት ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይሩ።

ጥያቄ፦ ነገ ካሜራዬ እጄ ይገባል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቡና ጀምሪ። ጠዋት ወይም ከሰዓት፣ መስኮት አጠገብ እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ተቀመጪ። የቤቱን መብራት አጥፊ። መደወያውን ካኖን ከሆነ ኤቪ፣ ኒኮን ከሆነ ኤ ላይ አድርጊ። የኤፍ ቁጥሩን ሌንስሽ የሚችለው ትንሹ ላይ አውርጂ። መጀመሪያ ብርሃኑ ከጀርባሽ ሲመጣ አንሺ። ከዚያ ከጎን። ከዚያ መስኮቱ ፊት ለፊትሽ ሆኖ፣ ጭሱ በብርሃኑ ላይ ሲወጣ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቦታ ላይ አትቀመጪ። ማታ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪያቸውና የምትወጂውን አንዱን ላኪልኝ፤ ስለሱ እንነጋገራለን።