የማዕበሉን ጥያቄ በተመለከተ፦ ነፋሱን ቀንስ

ወንድሜ፣ «በብሌንደር የሠራሁት ማዕበል ለምን ላስቲክ ይመስላል?» ብለህ ጠይቀሃል። (ብሌንደር በኮምፒውተር ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራበት ፕሮግራም ነው።) እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ተቀምጬ በዚህ ነገር ሦስት ሳምንት ተቃጥያለሁ። ቀለሙንና ብርሃኑን አትነካካ፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለም። አንተም የምትሠራው ጣናን እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ቀይ ባሕርን ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቅ።

1. የነፋሱን ፍጥነት ተመልከት። ብሌንደር ውስጥ ውኃና ሞገድ የሚሠራውን የውቅያኖስ መሣሪያ ስትከፍት በሰከንድ 30 ሜትር ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ቆርቆሮ የሚገነጥል ነፋስ ነው። የኮምፒውተር ሥዕል ባለሙያው ጄሪ ቴሰንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ባስተማረው ስሌት የትልቁ ሞገድ ርዝመት (ከፍታው ሳይሆን ከአንዱ ጉብታ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት) የሚገኘው የነፋሱ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ለ9.8 ሲካፈል ነው። በ30 አስላው፤ 92 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ6 ግን አራት ሜትር እንኳን አይሞላም። መሣሪያው የሚዘረጋልህ ውኃ ደግሞ 50 ሜትር ብቻ ነው። 92 ሜትር ሞገድ በምኑ ላይ ይተኛል? ላስቲክ የሆነብህ ለዚህ ነው።

2. ጥልቀቱን ተወው። ጣና ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው ብዬ ሦስት ቀን አባከንሁ፤ ለአጭር ሞገድ ግን 15 ሜትርም ጥልቅ ነው። የተዋረድሁት በነፋሱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ሥራ አዘዘኝ። ኮምፒውተሬ ሥራውን ለማውጣት ዐሥራ አንድ ሌሊት አጓራ። (መብራት ይጠፋል፤ ሥዕል በሥዕል አውጣው እንጂ በአንድ ቪዲዮ አታውጣ።) ኃላፊው ተቀመጥ እንኳን ሳይለኝ፣ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ እንደሆነ፣ «ታንኳው ሰጥሟል፤ ቀዛፊው የታለ?» አለኝ። ክፍያዬንም በግማሽ ቆረጠ።

ስወጣ በር ላይ ያሉት ዘበኛ አሳየኝ አሉ። የዘጌ ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ቀዝፈዋል። አይተው ሳቁና መዳፋቸውን በጉልበታቸው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረጉ። «ልጄ፣ የጣና ውኃ እንዲህ ነው የሚመታህ። ያንተ እኮ እንደ ሬሳ ሣጥን አንሥቶ ያስቀምጣል።» ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፤ 92 ሜትሩ ሞገድ በየስምንት ሰከንዱ ገደማ ነው የሚያልፈው፣ አራት ሜትሩ በ1.6 ሰከንድ። የሰውየው መዳፍ ልክ ነበር።

ነፋሱን 6 አደረግሁ፤ ካሜራውን ቀዛፊው ወገብ ድረስ አወረድሁት፤ ውኃው በደንገሉ መካከል እየሰረገ እግሩን ሲያረጥበው ይታያል። ሥራው ዛሬም በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ ይታያል፤ ስሜ ግን የለበትም። ዘበኛው ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ማዕበሉን ያረምሁት እኔ ነኝ» ይላሉ።