«ቤቶች!» እያለ የሚቆም ተርሚናል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሊኑክስ ሰርቨር እጠብቃለሁ። ከሩት (ከዋናው አስተዳዳሪ) ወደ ሌላ ተጠቃሚ በ«ኤስዩ» (su) ትእዛዝ ስቀየር ግማሽ ደቂቃ ያህል ድርቅ ይላል። ሰረዟን ጨምሬ («su -» ብዬ) ስገባ ግን ወዲያው ነው። ያለ ሰረዝ ገብቼ የመጀመሪያውን «ኤልኤስ» (ls፣ ፋይሎችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) ስጽፍም ይንቀራፈፋል፤ ሁለተኛው ፈጣን ነው። ሲፒዩውም ራሙም ሥራ ፈት ናቸው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከደብረ ማርቆስ ብርድ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በራሴ ነው የሳቅኩት። እኔም በዚሁ ነገር ሁለት ቀን ተንገላትቻለሁ። ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ዲኤንኤሱን ጠረጠርኩ፣ የኔትወርክ ገመዱን ሳይቀር ቀየርኩ።

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ሰረዟ ናት። በሰረዝ ስትገባ ኤስዩ የድሮውን ኢንቫይሮንመንት (ፕሮግራሞች የሚያነቧቸውን ቅንብሮች) ጠርጎ ባዲስ ይጀምራል። ያለ ሰረዝ ግን ሆምንና ሼልን (የተጠቃሚውን ፎልደርና ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) የመሰሉትን ቀይሮ የቀረውን ከነኮተቱ ይዞልህ ይገባል። ጣጣውን ከሩት ቤት ተሸክመኸው ነው የምትሄደው።

የኤልኤሱ ነገር ደግሞ ፓዝን ያስጠረጥራል። ፓዝ ትእዛዝ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ ባሽ (ሼሉ) ከፊት ጀምሮ በየተራ ያንኳኳል። ልጅ ጎረቤት ላክህ እንበል። ጎረቤትየው ቤቱን ለቆ ቡሬ ከገባ ከርሟል። ልጁ ይህን አያውቅም፤ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች! ቤቶች!» ይላል። ታይምአውቱ (የመጠበቂያ ጊዜው) እስኪሞላ አይመለስም። ኤልኤስን አንዴ ካገኘው ባሽ ቦታውን ያስታውሳል፣ ሁለተኛው የፈጠነልህ ለዚህ ነው። አዲስ ሼል ስትከፍት ግን ይረሳዋል። ሼል ሲከፈት በሚነበበው ባሽአርሲ (.bashrc) ፋይል ውስጥ አምስት ትእዛዝ ካለ ልጁ አምስት ጊዜ ይላካል።

የእኔው ጉድ የድሮ የኤንኤፍኤስ (ፎልደሮችን በኔትወርክ የሚያጋራ) ሰርቨር ነበር። ማሽኑን ነቅለን መጋዘን ከትተነዋል፤ ፎልደሩ ግን በሩት ባሽአርሲ ውስጥ ከፓዙ መጀመሪያ ላይ ተጎልቷል። ሩትም ሲገባ ይዘገይ ነበር፤ ማለዳ አንዴ ገብተን ስለምንውልበት ማን ልብ ይበለው?

አንተም ሩት ሆነህ «ኢኤንቪ» (env) በልና ፓዝን አንብብ። ከፊት የኔትወርክ ፎልደር ካየህ፣ እሱን አውጥተህ ፓዙን ለጊዜው አስተካክልና ኤስዩን ያለ ሰረዝ ሞክር። ከፈጠነ ተገኘ ማለት ነው። በሰረዝ ስለሚፈጥንልህ የሁሉም ተጠቃሚ የሆነውን የኢቲሲ ፕሮፋይል (/etc/profile) ፋይል አትነካካ፤ የሩትን ባሽአርሲና ባሽ ፕሮፋይል (.bash_profile) ነው የምትፈትሸው። መስመሯን ስታገኝ የሞተውን ፎልደር ብቻ አውጣ፣ ሌላውን ፓዝ እንዳትነካ።

ፋይሉን ካረምክ በኋላም ካልተሻለው አትደንግጥ። ቀድሞ የተከፈተ ቲመክስ (tmux፣ ተርሚናልን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም) ካለህ አሮጌውን ፓዝ እንደያዘ ነው። ዝጋውና እንደገና ግባ።