«31 ዓመቴ ነው፣ እቁቤን ለነርሲንግ ልክፈልበት?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። 31 ዓመቴ ነው፣ ትንሽ ልጅ አለኝ። ታይዋን ገበያ ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያደርጋል። 12ኛን ከጨረስኩ ቆይቷል፣ ነርስ የመሆን ሐሳብ ግን አልወጣልኝም። አንድ የግል ኮሌጅ ጠይቄ «በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ማታ ትማሪያለሽ፣ ሥራሽንም አትለቂም» አሉኝ። ቤተሰብ «በዚህ ዕድሜ?» ይላል። እቁቤ ሊወጣ ነው። ልክፈልበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እቁቡን ለጊዜው አትንኪው። አትማሪ ማለቴ አይደለም፣ ተማሪ። ዕድሜውንም ተይው፣ ክፍል ስትገቢ ልጅ ያላቸው፣ ከሥራ ወጥተው የሚመጡ ታገኛለሽ።

እኔን ያሳሰበኝ «ሥራሽን አትለቂም» ያሉሽ ነገር ነው። ትምህርቱን ማታ መማር ይቻል ይሆናል፣ ነርሲንግ ግን ግማሹ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አፓረንትሺፕና አታችመንት የሚባለው የሆስፒታል ልምምድ ሲመጣ ድል ጮራ ወይ ሌላ ሆስፒታል ጠዋት መገኘት አለብሽ፣ ያኔ ሱቁን ማን ይከፍታል? ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከመደቡሽ ደግሞ በየቀኑ የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ልትመላለሺ ነው። ስለዚህ የወር ክፍያውን ብቻ አትደምሪ፣ የሚቋረጥብሽን ደመወዝም ደምሪ። እኔን ከጠየቅሽኝ ትልቁ ወጪ እሱ ነው። ኮሌጁን «ልምምዱ መቼ ይጀምራል፣ ስንት ሳምንት ነው፣ የት ነው፣ አዳር አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካድበሰበሱት ውጪ።

ከዚያ ምዝገባው አለ፣ ጋውኑ አለ፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ የሃንድአውት ኮፒው፣ ታክሲው፣ ልጁን የምትይዝልሽ ሰው። ይሄ ሁሉ ብሮሹሩ ላይ የለም።

አሁን ወደ ርካሹ መንገድ። ዲግሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በመደበኛ ከሆነ ኮስት ሼሪንግ አለ፤ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ሥራ ስትይዢ በየወሩ ከደመወዝሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለው እዚሁ ሐረር ነው፣ ግን አትጓጊ፣ ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ሐረርን ስታስቢ ሌላ ክልል ልትደርሺ ትችያለሽ። ለእናት ይከብዳል። የግል ኮሌጅ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ የለውም፣ አለው ካሉሽ በራሳቸው የዱቤ ውል ሊያስፈርሙሽ ነው።

እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሄጄ በደረጃ የሚሰጠውን፣ ከዲግሪ በታች ያለውን ነርሲንግ እጠይቃለሁ። ማስረጃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ መግቢያ ነጥቡ ፈተና በወሰድሽበት ዓመት ይለያያልና ጎረቤት የነገረሽን አትመኚ። ጨርሰሽ ሲኦሲውን፣ ማለትም የብቃት ምዘናውን ካለፍሽ መቀጠር ትችያለሽ፣ ዲግሪውን ከዚያ በኋላ ነርስ ሆነሽ እየሠራሽ ታሻሽያለሽ። አንዳንዴ ጤና ቢሮ ሠራተኛውን ደመወዝ እየከፈለ ይልካል፣ ስትመለሺ በውል ታገለግያለሽ። ተራው ረጅም ነው፣ አንዳንዱም ተራ አይጠብቅም፣ እሱን ታውቂዋለሽ።

የግድ የግል ከሆነ ፈቃዱን ሳታዪ ሳንቲም አትክፈዪ። ዲግሪ ከሆነ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፣ ደረጃ ከሆነ የከተማውን የቴክኒክና ሙያ መሥሪያ ቤት ጠይቂ። ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በትምህርት ዓይነት ነው፣ አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ የተሰጠ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታዪ እንዳትሸወጂ። ሌላም ነገር አለ፤ ከ2015 ጀምሮ ዲግሪ ያለ መውጫ ፈተና አይሰጥም፣ በዚያ ላይ ነርስ ሆኖ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ስለዚህ ዋጋ ብቻ አትጠይቂ፣ ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ እንዳለፉ ጠይቂ። ርካሽ ሆኖ ማንም የማያልፍበት ኮሌጅ በጣም ውድ ነው።

እቁቡስ? ባንክ አስገቢውና ልምምድ ላይ ሆነሽ ደመወዝ ለሚቋረጥብሽ ወራት ይቆይ። ወርሃዊ ክፍያውን ሱቅ እያለሽ ከደመወዝሽ ሸፍኚ። ከማይክሮ ፋይናንስ ግን ለዚህ አትበደሪ፤ ያ ብድር ቶሎ ለሚሽከረከር ንግድ ነው፣ ክፍያው ቶሎ ይጀምራል፣ ያንቺ የነርስ ደመወዝ ግን ዓመታት ይቀሩታል። ባለቤትሽም «በእቁቡ የራሳችንን ባጃጅ እንጀምር» ሳይልሽ አይቀርም። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ በየማታው ለሰው የሚገባው ብር ቤት ከቀረ ትምህርትሽን ሊከፍል ይችላል። ብቻ ሁለቱን በአንድ እቁብ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው። ጅዳ ያለችው አክስቴ ነርሲንግ ላስተምርህ ብላኛለች። ብሩ በእኔ በኩል ይምጣ ወይስ በቀጥታ ለኮሌጁ?

መልስ፦ በቀጥታ ለኮሌጁ ሒሳብ፣ በየተርሙ፣ ደረሰኙን አንተ ፎቶ አንስተህ ላክላት። አንተን ሳልጠራጠር ነው፣ ግን በእጅ የገባ ብር መንገዱ ብዙ ነው። ሙሉውን የአራት ዓመት ክፍያ በአንዴ እንዳትልክም ንገራት፣ «ቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ አለ» ቢሏት እንኳ።