ችግኙን ተዉትና መሬቱን ለኩ

አንድ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተመራማሪዎች ቡድን እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ከኮንክሪት ግድግዳ ፊት ለፊት ባለው ጭቃ ላይ የማንግሮቭ ችግኝ ሁለት ጊዜ ተከልን። ሁለቱም ጊዜ በወራት ውስጥ ተጠርጎ ሄደ። አሁን አጠጋግተን፣ እያንዳንዱን በእንጨት ደግፈን ልንሞክር ነው። ይይዝ ይሆን?»

አይይዝም። ጉልበታችሁንም ገንዘባችሁንም አታባክኑ።

ማንግሮቭ ጨው ውሃ ውስጥ ቢቆምም ዛፍ ነው፤ ሥሩ አየር ይፈልጋል። በተፈጥሮ የሚበቅለው ከአማካዩ የባሕር ከፍታ ጀምሮ ሙላቱ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ባዶ ጭቃ ያየ ሁሉ እዚያ መትከል ያምረዋል። ቦታው ቢመች ኖሮ ግን ዛፉ ራሱ ቀድሞ ይይዘው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡና፣ ባሕሩ ሞልቶ ውሃው ቀጥ ሲል ሁለት ሰው ሴንቲሜትር የተሰመረበት እንጨት ይዞ ይግባ። አንዱ በአቅራቢያችሁ በራሱ የበቀለ ማንግሮቭ ጋ ሄዶ፣ በባሕሩ በኩል የመጨረሻው ዛፍ ሥር ይቁም። ሌላው እናንተ የተከላችሁበት ይቁም። በስልክ እየተነጋገሩ የውሃውን ጥልቀት በአንድ ጊዜ ያንብቡ። እዚያ 40 ሴንቲሜትር፣ እናንተ ጋ 95 ከሆነ፣ መሬታችሁ በ55 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሁለቱ ቦታዎች ተቀራራቢና አንድ ወሽመጥ ውስጥ ከሆኑ ለመነሻ ይበቃል። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሙት።

እኔ ግድግዳውን እጠረጥራለሁ። ቀጥ ያለ ኮንክሪት ሞገድን አይውጥም፣ መልሶ ይተፋዋል። የተመለሰው ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ ከግድግዳው እግር ሥር ያለውን ጭቃ ይቦረቡረዋል። እንደዚህ እየተቦረቦረ ባለ መሬት ላይ ችግኝ ብታጠጋጉም ብትደግፉም ለውጥ የለውም። እንዲያውም ድጋፍ እንጨቱ በሞገድ ሲወዛወዝ ግንዱን ይልጠዋል።

የሚሻለው ውሃ የሚያሳልፍ አጥር ነው። ሁለት ረድፍ ቋሚ እንጨት ትተክላላችሁ፤ መሃሉን በጭራሮ ጠቅጥቃችሁ ታስራላችሁ። ሞገዱ ጭራሮው ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ይዞት የመጣው ደለል ከአጥሩ ጀርባ ይዘቅጣል። ሆላንዶችና ጀርመኖች በሰሜን ባሕር ጠረፍ ባለው በዋደን ባሕር ዳርቻ ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ ደማክ ላይም ተሞክሯል። እዚያ ግን ሁለት ነገር አስቸግሯል፦ የቀርከሃውን ቋሚ የባሕር ትል በላው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከመጠን በላይ ሲቀዳ መሬቱ ራሱ ሰመጠ። ከዚህ የምወስደው፣ ለጥገና በጀት ሳይዙ አጥር አለመጀመርን ነው። ጭራሮው ይላላል፣ ይታጠባል፤ በየጊዜው መሙላት የግድ ነው።

አጥሩን ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ። ባሕሩ እየሞላ፣ ሞገድ ሲኖር ይሁን። አሳድራችሁ እዩት። ታች ጭቃ ከዘቀጠ ተስፋ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ አጥሩ የሚይዘው ነገር የለም፤ ያን ጊዜ ደለል ከሌላ ቦታ ስለማምጣት ማሰብ ነው።

መሬቱ ከፍ ሲል መትከል ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። እናት ዛፎች በቅርብ ካሉ ዘሩን ባሕሩ ያመጣላችኋል። መትከል የግድ ከሆነ ደግሞ ራይዞፎራ የሚባለውን የማንግሮቭ ዓይነት ብቻ አትመኑ። ዘሩ እንደ እርሳስ ረዝሞ ጭቃ ላይ ለመሰካት ስለሚመች ሁሉም እሱን ይተክላል (እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ)። በብዙ ቦታ በባሕሩ በኩል ፊት የሚቆሙት ግን አቪሴኒያና ሶኔራሺያ የሚባሉት ሌሎች የማንግሮቭ ዓይነቶች ናቸው። ከአካባቢያችሁ ጫካ ዳር የትኛው እንዳለ አይታችሁ ምረጡ።

ግድግዳውንስ? ለጊዜው አትንኩት፤ ጫካው ሁሉንም አይመክትም። 100 ሜትር ስፋት ያለው ማንግሮቭ የሞገድን ቁመት ከ13 እስከ 66 በመቶ እንደሚቀንስ ተለክቷል። የቁጥሩ መራራቅ የዛፉ ጥግግትና የውሃው ጥልቀት የሚያመጣው ነው። ይህም ለተራ ሞገድ ነው እንጂ፣ አውሎ ነፋስ ገፍቶ ለሚያመጣው የባሕር ሙላት ስፋቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ጫካ ያስፈልጋል።