ቼክ ኢንጅንን በስልክ ማንበብ፦ ከአዳማ የሁለት ዓመት ልምዴ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ያሪስህ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል። ጋራዥ በሄድክ ቁጥር «መጀመሪያ በኮምፒውተር ይታይ» ተብለህ ትከፍላለህ። ጓደኛህ ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ ግዛ ብሎሃል። ይሠራል ወይስ ብር ማባከን ነው ብለሃል። እኔ አዳማ ነው የምኖረው፤ የ2004 ስሪት ኮሮላ አለኝ። ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ይሠራል። ግን መጀመሪያ ላይ አክስሮኛል፤ ስለዚህ ከኪሳራዬ ልጀምር።

ዕቃውን ሰክቼ አፑን እንደከፈትኩ ፒ0171 የሚል ኮድ መጣ። «ድብልቁ ሳስቷል» ማለት ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከቤንዚኑ አንጻር በዝቷል። ደስ አለኝ። ራሴን መካኒክ አደረግኩት። ኮዱን ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ስልኬን አየት አደረገና «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ። ገዛሁ፣ ተቀየረ፣ ኮዱ ተሰረዘ። በአራተኛው ቀን ከወንጂ ስመለስ መብራቱ ቦግ አለ። ያው ፒ0171።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይነግርህም። የመኪናው ኮምፒውተር ያየውን ምልክት ብቻ ነው የሚነግርህ። የእኔ ኦክስጅን ሴንሰር፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው፣ «አየር በዝቷል» ብሎ በትክክል ተናገረ። እኛ ደግሞ ወሬ ነጋሪውን አውጥተን ጣልነው።

ከዚያ በኋላ ነው አፑ ውስጥ በቀጥታ የሚታዩትን ቁጥሮች ማየት የጀመርኩት። «ፊውል ትሪም» የሚባል አለ። ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ የሚባሉ ሁለት ናቸው፤ ደምረህ ነው የምታያቸው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። እስከ 10 ድረስ ከፍ ዝቅ ቢልም አያስጨንቅም። የእኔ መኪና በሚኒሞ ቆሞ ሲሠራ ድምሩ 19 ነበር። ቤንዚን ሰጥቼ ሞተሩን 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 5 ወረደ።

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። የሆነ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር የሚስብ ከሆነ፣ በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚያስገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ሾልካ የምትገባው አየር ጎልታ ትታያለች። ዙሩ ሲጨምር ግን በብዙ አየር ውስጥ ትዋጣለች። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ዳገት ስወጣ ትሪሙ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ፣ የቤንዚን ፓምፑን፣ የታፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ ማፍ ሴንሰር እጠረጥር ነበር። አየር የሚለካው ሴንሰር ነው ማፍ የሚባለው። በአዳማ አቧራ የአየር ፊልትሮህን ችላ ካልክ መቆሸሹ አይቀርም።

ሌላ ጋራዥ ሄድኩ፤ ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ አባት ናቸው። ቁጥሮቹን ነገርኳቸው። ስልኩን ላሳያቸው ብል እንኳ አላዩትም። ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉና «ስታፏጭ አትሰማትም?» አሉኝ። አየር ማስገቢያው ጀርባ ያለች፣ ሙቀት ያደረቃት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃለች። ቱቦዋ የተገዛችበት ዋጋ ከሴንሰሩ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። «ሴንሰሩን ማን አስቀየረህ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ።

ወደ አንተ መኪና ልምጣ። ያሪስህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ብዙ አትቸገርም። የአውሮፓ ቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ፣ የአሜሪካዎቹ ደግሞ ከ1996 ስሪት ጀምሮ ኦቢዲ 2 የተባለውን የጋራ ቋንቋ እንዲናገሩ በሕግ ተገደዋል። ቪትዝ፣ ማለትም ያሪስ በጃፓን ይሸጥበት በነበረው ስም የተሠራው ከሆነ ግን ቆም በል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ሶኬታቸው ያው ባለ 16 ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ከአፑ ጋር አልግባባ የሚሉ አሉ። የጎረቤቴ ቪትዝ እንደዚያ ነው፤ ስንት ምሽት ለፍተን አቃተን። ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት የሰው ተውሰህ ብትሞክር ይሻላል። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር፣ ከጉልበትህ በላይ ነው። መሪው የዞረ መኪና ከሆነ ግን በተሳፋሪው በኩልም ፈልግ።

ገበያ ላይ የምታገኘው ዕቃ በአብዛኛው የኢኤልኤም 327፣ ማለትም የመኪናውን ቋንቋ ለስልክ የሚተረጉመው ቺፕ፣ ኮፒ ነው። ዋናውን ቺፕ የሠራው የካናዳ ኩባንያ ነበር። የሚገርመው፣ ሻጮች «1.5 ቨርዥን» እያሉ የሚሸጡትን ኩባንያው ራሱ አውጥቶት አያውቅም። ቢሆንም «2.1» ከሚባለው ይልቅ ይህ ኮፒ ነው ብዙ ጊዜ የሚሠራው። 2.1 ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ግማሹን ትእዛዝ አይገባቸውም። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ተራው ብሉቱዝ ይበቃሃል፤ የይለፍ ቁጥር ሲጠይቅህ 1234 ወይም 0000 ሞክር። አይፎን ከያዝክ ተራው ብሉቱዝ አይሠራልህም፤ ዋይፋይ ያለው ወይም ብሉቱዝ 4.0 የሆነ ያስፈልግሃል። አፑን በተመለከተ እኔ ካር ስካነርን ነው የምጠቀመው። ቶርክም ጥሩ ነው። ነፃው ለጀማሪ ይበቃል።

ብሩን የመለሰልኝ ግን ኮድ ማንበቡ ሳይሆን ሙቀት ማየቱ ነው። አዳማ ፀሐይዋን ታውቃታለህ። አንድ ቀን ቀትር ላይ በባጃጅና በአይሱዙ መሀል ተቀርቅሬ ቆሜያለሁ። የዳሽቦርዱ የሙቀት ቀስት መሀል ላይ ነው፤ ሰላም ይመስላል። ስልኩ ግን 101፣ 103፣ 106 እያለ ይወጣል። የእኔ መኪና ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ) 95 ዲግሪ ገደማ ላይ መነሳት ነበረበት። ብዙ መኪኖች ላይ ያ ቀስት ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው፤ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሀል ላይ ይቆያል፣ ሲነሳ ዘግይቷል። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የቬንትሌተሩ ሪሌ ተቃጥሎ ነበር። ባላየው ኖሮ ጋስኬት ነበር የምቀይረው። አሁን በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ያንን ቁጥር ሁልጊዜ ከፍቼ ነው። ስልኩን ግን መስታወቱ ላይ አስረው፤ በእጅህ ይዘህ እንዳትነዳ።

የባትሪውንም ቮልት እይ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 እና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ከሆነ ዲናሞውም ባትሪውም ደህና ናቸው። ሌላው ቁጥር ለጊዜው ይቆይህ። አንድ ነገር ብቻ እንዳያስደነግጥህ። ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት የሚለካው) ያለው መኪና ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የአካባቢውን የአየር ግፊት ያሳያል። ኢንተርኔት ላይ «100 አካባቢ መሆን አለበት» ይሉሃል። እሱ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች 83 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 76 አካባቢ ታያለህ። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሴንሰር ሊቀይር የነበረ ሰው አውቃለሁ።

ያገለገለ መኪና የምትገዛ ጓደኛ ካለህ ዕቃውን አውሰው። አፑ ውስጥ «ሬዲነስ» ወይም «ሞኒተር» የሚል ገጽ አለ። ኮድ ሲሰረዝ ወይም ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ከዜሮ ይጀምራል። ብዙዎቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ፣ ሻጩ መብራቱን ትናንት ማታ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ባትሪ ቀይሬ ነው ሊልህም ይችላል። ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይታይ በለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቀረ፣ የምንገዛው በእጃችን ያለውን ነው። ስለዚህ ይህችን ገጽ እኔ ሁሌም አያታለሁ።

የማይሠራውንም ልንገርህ። ርካሹ ዕቃና ተራው አፕ በአብዛኛው የሞተሩን ነው የሚያነቡት። የኤቢኤስ ወይም የኤርባግ መብራት ከበራ ጋራዥ ያለው ትልቁ ማሽን ያስፈልግሃል። ማታ ደግሞ ንቀለው፤ ለሳምንት ሰክቼ ትቼው ባትሪ ጨርሶብኛል።

መብራቱ ዝም ብሎ በርቶ ከሆነ ቀስ ብለህ ነድተህ ጋራዥ መድረስ ትችላለህ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው መስመር ገብቶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቃጥለዋል። እግርህን ከቤንዚኑ ላይ አንሳና ቁም። ካንዴላ ወይም ኮይል ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን አግኝተህ ስትሰካው ኮዱን ቶሎ አትሰርዘው። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ዙር ላይ እንደነበር የሚያሳይ «ፍሪዝ ፍሬም» የሚባል መረጃ አብሮ ተቀምጧል፤ ስትሰርዝ አብሮ ይጠፋል። ፎቶ አንሳውና እዚህ ለጥፈው። በሚኒሞና በ2500 ዙር ያለውን ትሪምም ጨምርበት፤ አብረን እናየዋለን።