«ፀሐይ በሌለበት ምን ልሙቅ?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ በዲቪ ሲያትል ከመጣሽ ስምንት ወርሽ ነው። ዌርሃውስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ትሠሪያለሽ። ቤት ገብተሽ ጋደም ትያለሽ፣ ስትነሺ ጨልሟል። የዊንተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ሰውነትሽ ከብዶሻል፣ ያለ ምክንያት እንባሽ ይመጣል። ባልደረባሽ በየቀኑ 20 ደቂቃ ውጭ ቆዪ አለችሽ። አንቺም «በዚህ ዝናብ ወጥቼ ምን አገኛለሁ? ፀሐይ በሌለበት ምን ልሙቅ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ እዚህ 11 ዓመቴ ነው። ይሄንኑ ጥያቄ እኔም እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ ያውም እየተቆጣሁ። በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ፀሐይ ትሞቂያለሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የማየው የመኪና መብራት ነው። ጠዋት ስገባ ጨለማ፣ ማታ ስወጣ ጨለማ።

የመጀመሪያው ዊንተር ክፉኛ ጎዳኝ። በእረፍት ቀኔ 11 ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ። ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ያምረኛል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። የነቢያትን ጾም ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜ፣ በዚያ ዓመት መግባቱንም ልብ አላልኩም። ሰንፌ መስሎኝ ራሴን እሰድብ ነበር። ናፍቆት ነው ብዬም አስቤያለሁ፤ ናፍቆቱም ነበረበት።

ጃንዋሪ ላይ አንድ ባልደረባችን ታመመና በእሱ ቦታ ለሁለት ሳምንት ከላይ ያለው ክፍት ፓርኪንግ ላይ ተመደብኩ። አለቀስኩ። ብርዱ ይገድለኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት እውነትም ከባድ ነበሩ። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ካልሲዬ ይረጥባል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስልኬ ሳይጮህ መንቃት ጀመርኩ። አንድ ማታ ሽሮ እያማሰልኩ መዝሙር ሳንጎራጉር አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሰማችኝና «ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችኝ። ምንም አልተገኘም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ፀሐይ ብትወጣ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ወደ ታች መለሱኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ያ ክብደት ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ማታ ሳሎናችን ውስጥ አምፖል አብርተን ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢኖር ነው። ውጭ ግን ሰማዩ በደመና ተሸፍኖም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ በሺዎች ይቆጠራል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ አይታወቀንም። አንጎላችን ግን ያውቀዋል። በዓይን በኩል በቂ ብርሃን ሲደርሰው ነው መንጋቱን የሚረዳው፣ ማታም እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን በሰዓቱ የሚለቀው። ስለዚህ አንቺ ጨለማ የምትይው የሲያትል ሰማይ ከሳሎንሽ መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፀሐይዋን ማየት የለብሽም። ከሰማዩ ሥር መሆን ነው ያለብሽ።

ለእኛ ደግሞ ለምን እንደሚብስ አስቢው። አዲስ አበባ ውስጥ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ በጁን ቀኑ ወደ 16 ሰዓት ይጠጋል፣ በዲሴምበር መጨረሻ 8 ሰዓት ተኩል አይሞላም። አገር ቤት ውጭ ለመቆየት ብሎ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ኑሯችን ራሱ ውጭ ነው። ታክሲ ሰልፍ፣ ልብስ ማስጣት፣ ሱቅ ደርሶ መምጣት። ሽማግሌዎች ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጨቅላ ልጅ ጠዋት ተቀባብቶ ፀሐይ ይሞቃል። የሦስት ወር ክረምት አልፎ መስከረም ላይ ሰማዩ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ታውቂዋለሽ። እዚህ ግን ከቤት ባስ፣ ከባስ ሥራ ነው። አስበን ካልወጣን ቀኑ ያልቃል።

ይህን የዊንተር ድባቴ የሕመም ስም ሰጥተው ከጻፉት ሐኪሞች አንዱ ኖርማን ሮዘንታል ይባላል። ከጆሃንስበርግ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው ነው። ዊንተር ሲገባ በራሱ ላይ ለውጡን አይቶ ነበር፤ ከባልደረቦቹ ጋር የጻፈው በ1984 ነው። ይህን ሳነብ በጣም ተጽናናሁ። ከፀሐይ አገር የመጣ ሐኪም የደረሰበት ነገር የእኔ ስንፍና ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ። ጥያቄሽ ላይ «ለቫይታሚን ዲ ነው አይደል?» ብለሻል። እዚህ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፀሐይ በጣም ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ከእሷ ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም ማለት ይቻላል። በሰመር፣ በእነ ጁን፣ እንኳ ጠቆር ያለ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ለእሱ ደም ተመርምረሽ ሐኪምሽ የሚያዝልሽን ውሰጂ። የምትወጪው ለብርሃኑና ለእንቅልፍሽ ነው።

ስንት ደቂቃ ነው ላልሽው፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰዎች የተጠየቁበት በ2019 የወጣ ጥናት አለ። በሳምንት 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዛፍና ሣር ያለበት ቦታ የሚያሳልፉት ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ ተናግረዋል። በአንድ ቀን ቢያደርጉት ወይ ቢከፋፍሉት ልዩነት አልነበረውም። መውጣቱ ጤነኛ አደረጋቸው ወይስ ጤነኞቹ ናቸው የሚወጡት የሚለውን ጥናቱ አይፈታም። በቀን ሲካፈል ግን 17 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ባልደረባሽ ካለችሽ አይርቅም።

አሁን ወዳንቺ። ከሥራ 8 ሰዓት ተኩል ትወጫለሽ። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን አለሽ ማለት ነው፣ አሁን በእንቅልፍ እያለፈ ያለው እሱ ነው። ቤት ከገባሽ አትወጪም፤ እኔም አልወጣም ነበር። ስለዚህ ከባስ ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና በእግርሽ ግቢ። በምሳ እረፍትሽም አሥር ደቂቃ በር ላይ ቁሚ። በመስኮት ማየት አይበቃም፤ ከመስኮቱ ራቅ ስትዪ ብርሃኑ ወዲያው ይቀንሳል።

«ብርድ ይመታኛል» የሚለውን እኔም አምኜ አድጌያለሁ። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው መርጠብ ነው። ጃንጥላውን ተዪውና ኮፍያ ያለው ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ግዢ። ያገለገለ የሚሸጡ ሱቆች በርካሽ ታገኛለሽ።

በእረፍት ቀንሽ ጠዋት ይሻላል። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ነው። እኔ እናቴን የምደውልላት እየተራመድኩ ነው። ሬኒየር ቢች አካባቢ ከሆንሽ ኩቦታ ጋርደን አለ፤ አንድ ጃፓናዊ አትክልተኛ በ1927 የጀመረው ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ሴዋርድ ፓርክ ደግሞ ሐይቁን ይዘሽ ትዞሪዋለሽ። ሰማዩ ሲጠራ ሬኒየር ተራራ ፊት ለፊት ይታያል።

ልቅሶው ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን በእግር መንገድ አትመልሺው፤ ሐኪም ጋ ሂጂ። የባሰ ሐሳብ ከመጣብሽ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውይ፤ እንዲህ ሲጨንቅ የሚደወልበት የእርዳታ ስልክ ነው። ነውር የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ሴዋርድ ፓርክ ነኝ። ዝናብ ቢሆንም እመጣለሁ። አንድ ትርፍ ጃኬት አለኝ፣ ሚዲየም ነው። ከሆነሽ እዚሁ ጻፊልኝና ይዤልሽ ልምጣ።